ጠርዙ የማይታወቅ ሥዕል

ትንንሽ ጦረኞችን የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ። አዎን ልጄ ይርሳው፣ የጠየቅከኝ ስለ አባትህ እንደሆነ አልረሳሁም። «አባ፣ ይቅርታ የምጠይቅበት ቃል ገና አላማረልኝም፤ እስኪያምርልኝ ብቆይ ኃጢአት ነው ወይ?» ነው ያልከኝ። እንግዲህ አርፈህ ስማኝ።

ሰውየው ጦረኞቹን ከእንጨት ይቀርጻቸዋል። ቁመታቸው ከመካከለኛ ጣት አይበልጥም። የየትኛውም አገር ሠራዊት አይደሉም፤ አንዱ የአንበሳ ራስ አለው፣ ሌላው ክንፍ፣ ሌላው ዘንዶ ይጋልባል። ቀለም ቀብቶ ሲጨርሳቸው ዓይን ይማርካሉ። አንዲት ልጅ ነበረችው፤ የእነዚያን ጦረኞች ንጉሥ፣ ወንዛቸውንና ጠላታቸውን ከራሷ እያወጣች የምትነግረው እሷ ነበረች። እሱ ይቀርጻል፣ እሷ ታወራለች፤ እንዲህ ሆነው ይውላሉ።

የዚህች ልጅ ዓይን መድከም ጀመረ። ሐኪሙ ለአባትየው እቅጩን ነገረው፤ እያደር ይጠፋል፣ መመለሻም የለውም አለው።

ልጅቱ ይህን በሰማች ጊዜ ብዙ አላለቀሰችም። «አባዬ፣ የንጉሡን ጋሻ ምልክት እኔ ልሣለው። ዓይኔ ሳይጠፋ ጋሻው ላይ አድርገህ አሳየኝ» አለችው።

ጋሻው ከጥፍር ብዙ አይሰፋም፣ ጎበጥ ያለም ነው፤ ለደከመ ዓይን እላዩ ላይ መሣል የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሰውየው የሚያውቀውን ዘዴ ተጠቀመ። ወረቀት ላይ የግራር ሙጫ ቀባ፤ ሲደርቅ በላዩ ቫርኒሽ በስሱ አለበሰው። ልጅቱ እንድትሥል የሰጣት በዚያ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ውሃ ውስጥ ሲገባ ሙጫው ይሟሟና ሥዕሉ ከነቫርኒሹ ከወረቀቱ ይላቀቃል፤ ያኔ በብሩሽ ጫፍ እያንሸራተቱ ጋሻው ላይ ያስቀምጡታል። በደንብ ከተለጠፈ ጣት እንኳ ጠርዙን አያገኘውም፤ እዚያው የበቀለ ይመስላል።

ሥዕሉ ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ አጎንብሳ፣ ጅራቱ የዓሣ የሆነ ወፍ ሣለች። አንደኛው ክንፉ ትንሽ ተንጋዷል። ሌላ መሣል ግን እንደማትችል እሷም እሱም አውቀዋል።

አባትየው ፈራ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞከር ነገር ነውና እጁን አላመነውም። ወረቀቱን በመጽሐፍ መካከል አድርጎ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ አኖረውና «መጀመሪያ እጄን ላሠልጥን» አለ። አዳዲስ ወረቀት እያዘጋጀ፣ የራሱን ሥዕል እየሣለ በሌሎች ጋሻዎች ላይ ይሞክር ያዘ። አንዱ ተጨማደደበት። አንዱ አረፋ ቋጠረ። አንዱ ቀጥ ብሎ ተቀመጠለትና ደስ አለው፤ በማግስቱ ግን ጥጉ ላይ ቅንጣት የምታህል እንከን አየበት።

ሚስቱ «ጠማማም ቢሆን ዛሬ አድርግላት። ዓይኗ አንተን አይጠብቅም እኮ!» አለችው።

«ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» ብሎ መለሰላት። ተረቱ ውሸት የለበትም፤ ያለ ቦታው ተጠራ እንጂ። ይህ ሰው ያናድደኛል፣ ይርሳው። ያዘገየው ልጁን ስለሚወድ ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆንማ ረግሜው አርፍ ነበር።

ክረምቱ አልፎ በጋ ገባ። ልጅቱ በየጠዋቱ «ዛሬ ነው?» ትላለች፤ እሱም «ትንሽ ቀረኝ» ይላታል። አንድ ቀን ጠዋት ሳትጠይቀው ቀረች። ዞር ቢል መስኮቱ የት እንደሆነ በእጇ ስትፈልግ አያት።

ያን ጊዜ ሮጦ ወረቀቱን አወረደ። እጁ እንደዚያ ቀን ጸንቶ አያውቅም። ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ከተተው፣ ሙጫው ሟሟ። በብሩሹ ነካ ቢያደርገው ግን ወፉ ተሰባበረ። ክንፉ ወዲህ፣ የዓሣ ጅራቱ ወዲያ፣ የቀረው ብናኝ ሆኖ ሳህኑ ላይ ተንሳፈፈ። ያ ቫርኒሽ ትኩስ ሳለ ይታጠፋል፣ ይታዘዛል፤ በቆርቆሮ ሙቀት ሲከርም ግን እንደ ደረቅ ቅጠል ነው። ሰውየው ይህን አያውቅም ነበር። እንዴትስ ይወቅ? ሲለማመድ የከረመው ሁልጊዜ በትኩስ ወረቀት ነው። ልምምዱ ሁሉን አስተምሮታል፤ መቆየት ምን እንደሚያደርግ ብቻ አላስተማረውም።

ልጅቱ የውሃውን ድምፅ ሰምታ ነበርና እየዳበሰች መጣች። «አባዬ፣ አደረግከው?» አለችው። እሷም ጦረኛውን ከጠረጴዛው ላይ አገኘችውና ጋሻውን በጣቷ ጫፍ ደባበሰችው። ጋሻው ልሙጥ ነው፤ ምንም የለበትም።

ፊቷ በራ። «እጅህ ይባረክ አባዬ! ጠርዙ እንኳ አይታወቅም» አለችው።

እውነቱን ሊነግራት ብዙ ቀን አፉን ከፈተ፣ ብዙ ቀን መልሶ ዘጋው። ጦረኛው እስከ ዛሬ በራስጌዋ ነው። ሰው ቤታቸው በመጣ ቁጥር «ወፌን አያችሁልኝ?» ትላለች፤ እናትየው ቀድማ እንግዳውን በዓይኗ ትጠቅሰዋለች።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ከአባትህ ጋር ከተቀያየማችሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆናችሁ፤ የነገርከኝ አንተው ነህ። ደግሞም ባለፈው «የአባቴ ጆሮ እየከዳው ነው፤ ሰው ሲያናግረው የሰማ መስሎ ራሱን ይነቀንቃል» ብለኸኛል። ያ ክንፉ የተንጋደደ ወፍ ያንተ ይቅርታ ነው፣ ልጄ። እንደተንጋደደ ይለጠፍ ነበር። አንተ ግን ቤትህ ተቀምጠህ ቃል ታሳምራለህ፤ በወንድምህ ትለማመዳለህ፣ በእኔ ትለማመዳለህ። አንድ ቀን ያምርልሃል፣ አልጠራጠርም፤ እንከን አይወጣለትም። ያን ቀን ሄደህ እግሩ ላይ ወድቀህ ትናገረዋለህ።

እኔ የምፈራልህ እንዳያባርርህ አይደለም። አያባርርህም። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «ተባረክ ልጄ፣ መልካም ተናገርክ» ይልሃል፤ አንዲት ቃል ሳይሰማ።