ከቴሌቪዥኑ ሲነቀል

አንዲት ሴት በእጅ የሚያዝ ጌም ልትገዛ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባች። ለራሷ አይደለም። ወንድሟ ኩላሊቱን ታሞ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይሄዳል። በሄደ ቁጥር አራት ሰዓት አልጋ ላይ ነው። ቤት ሲሆን ከአባቱ ጋር በቴሌቪዥን እግር ኳስ ይጫወታል፤ ያኔ በሽታውን ይረሳል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዱን ቀን ቀረ።

"ግድግዳ ሳይ ከምውል እዚሁ ልሙት" አላት።

"ቤት የጀመርከውን ጨዋታ እዚያ አልጋ ላይ ብትጨርሰውስ፣ ትሄዳለህ?"

"እሄዳለሁ።"

እንግዲህ ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች።

ባለሱቁ ሙዘይን አንዱን አውጥቶ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰካው። ስዕሉ ያበራል፣ ድምፁ ሱቁን ያናውጣል። "ይኸው! ቤት በቴሌቪዥን፣ መንገድ ላይ በእጅ። ሁለት በአንድ!"

"እየተጫወትኩ ንቀለው" አለች።

"ሲሠራ አየሽ አይደል እህቴ?"

"ንቀለው ወንድሜ።"

ነቀለው። ስክሪኑ ጠቆረ። ቆይቶ በራና ጨዋታው ከዜሮ ጀመረ።

ሁለተኛውን አመጣ። እጅ ላይ ግሩም ነው። ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ ግን ስዕሉ ይደነቃቀፋል፤ ሁለተኛ ሰውም አያጫውትም። አባትየው ታዲያ ቁጭ ብለው ሊያዩ ነው?

"ይሄ ሁለት በአንድ አይደለም፤ ሁለት ግማሽ ነው" አለች።

ሙዘይን ሳቀ። "ሰው በራ ወይ ብሎ ያያል፣ ያስጠቀልላል፣ ይሄዳል። አንቺ ጌም ነው የምትገዢው ወይስ ባል ነው የምትመርጪው?"

"ባልም ቢሆን እንዲሁ ነው የምፈትነው።" ግድግዳው ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ወረቀት አሳየችው። "ሦስተኛውን አምጣ።"

ሦስተኛው ተሰካ። ሁለቱ መጫወት ጀመሩ። እሷ ከመስመር አሻማች። ኳሷ አየር ላይ እያለች እጇን ሰድዳ ነቀለችው። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። ኳሷ ግን እጇ ላይ ባለው ትንሽ ስክሪን ወረደች፤ አጥቂው በግንባሩ ገጫት። ገባች።

"ኧረ አገባሽብኝ!" አለ ሙዘይን።

"ጠቅልልልኝ" አለች።

ሰኞ ወንድሟ ጌሙን ይዞ እጥበት ሄደ።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። እሁድ እዚህ የአምልኮ አዳራሽ ውስጥ ተሰክታችኋል። ስክሪኑ ትልቅ ነው፣ ድምፁ ከፍተኛ ነው፣ ታበራላችሁ። እኔም አበራለሁ። ይህ ምን ያረጋግጣል? ምንም!

ስትነቀሉስ? ሰኞ ቢሮ ፈርማችሁ ስትጠፉ፣ ከሩቅ የመጣን ባለጉዳይ "ነገ ተመለስ" ስትሉ፣ ያ የእሁዱ ሰው የት ገባ? ሌሎቻችሁ ደግሞ ለብቻችሁ ጥሩ ጸሎተኛ ናችሁ፤ አጠገባችሁ ሁለተኛ ሰው ሲቀመጥ ግን ትደነቃቀፋላችሁ። እሱም ግማሽ ነው።

በየእሁዱ ከዜሮ መጀመር አይሰለቻችሁም? እኔን ሰልችቶኛል።

ጌታ እንደ ገበያተኛ በራ ወይ ብሎ አይቶ የሚሄድ አይምሰላችሁ። እሱ እየተጫወታችሁ ይነቅላችኋል። የሚፈልገው ሲነቀል የሚቀጥለውን ነው፤ ምክንያቱም ወደዚህ አዳራሽ መምጣት የማይችል፣ አልጋው ላይ ሆኖ እናንተን የሚጠብቅ ሰው አለ።

እንግዲህ ማይኩ ሊዘጋ ነው። በዚያ በር ትወጣላችሁ። ኳሷ አየር ላይ ናት። እንዳታቋርጧት።