ቃሏን የምትደጋግመው ሴትዮ

አንዲት ተብታባ ሴት ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ አፏን በከፈተች ቁጥር ስለሚሳቅባት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እህቷ ነበረች የምትናገርላት።

ይህች ሴት የባላምባራስ ቢተውን እናት እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ አስታመመች። ባላምባራስም በቀብሩ ዕለት፣ «ምንጩ ዳር ያለውን መሬት ሰጥቼሻለሁ» ብለው በሕዝብ ፊት ቃል ገቡላት። ተዝካሩ ሲያልፍ ግን መሬቱን ለአማቻቸው ሰጡት።

ሴትዮዋ ሽማግሌዎች ዘንድ ከሰሰቻቸው። እህቷ ልትናገርላት ስትነሳ ባላምባራስ ከለከሉ። አፍራ ወደ ቤቷ ትሄድልኛለች ብለው፣ «መሬት የምትፈልገው እሷ፣ የምትናገረው ሌላ! አፍ የላትም እንዴ? ራሷ ትናገር» አሉ።

ሽማግሌዎቹም እንድትናገር ፈቀዱላት። ሴትዮዋም ተነሳች።

«መ... መ... መሬቴን...»

ባላምባራስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አሽከሮቻቸውም አጀቧቸው። «አንቺ ሴትዮ፣ አንዱን ቃል ስንት ጊዜ ነው የምትደጋግሚው?» አሏት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ያን ቀን ግን ንዴቱ ከሐፍረቷ በለጠባትና ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣

«ጌ... ጌታዬ፣ እኔ ቃሌን እ... እደጋግመዋለሁ፤ እንደ እርስዎ ግን አላ... አላ... አላጥፈውም!» አለች።

ሸንጎው በሳቅ አውካካ። ሽማግሌዎቹም ሳቃቸውን እንኳ ሳይጨርሱ መሬቱን ፈረዱላት። ባላምባራስ በቁጣ ብድግ ብለው፣ «ምን አልሽ አንቺ?» ብለው ጮኹባት።

ሴትዮዋም ፈገግ ብላ፣ «ል... ል... ልድገመው?» አለቻቸው።