አንጓች ያልጠጣችው ኮሶ

በራሱ ላይ ምንም ስላልደረሰ ብቻ በሌላውም ላይ አይደርስም ብሎ የሚምል ሰው ሲያጋጥም፣ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ለሰሚው የእንስራ ነገር ትመስላለች። መነሻዋ ግን አንድ ዋንጫ ኮሶ ነው ይባላል።

በወይዘሮ ይርገዱ ቤት የፋሲካው ጥሬ ሥጋ ከተበላ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ የሆድ ትል ለማስወጣት ኮሶ ይጠጣል። የደረቀው ቀይ አበባ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ሁሉም በባዶ ሆዱ ተራ በተራ ይጨልጣል። በሩም ይዘጋል። በኮሶ ቀን እንግዳ መቀበል የሚወድ የለም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ዋንጫው ለምራታቸው ለአንጓች ሲደርስ ሳትቀበል ቀረች። አርግዛለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ለባሏ ለጫኔም ቢሆን። አምና እርግዝናዋ ገና ሳይገፋ ወሬው ለጎረቤት ሁሉ ተዳርሶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አስወረዳት። “ዓይን በላት” ተባለ። እሷም ይህን ስላመነች፣ አሁን ነጠላዋን ሰፋ አድርጋ እየለበሰች ዝም ማለትን መረጠች። አንድ ነገር ግን ከልቧ አልወጣም። ያኔ ያስወረዳት ኮሶ በጠጡ ማግስት ነበር። ዋንጫውን ያቀበሏትም እነዚሁ የአማቷ እጆች ነበሩ።

“ጠጪ እንጂ!” አሉ ይርገዱ።

“ውሃ ቀድቼ ልመለስ እሜቴ፣ ከዚያ…”

“የምን ውሃ? እንስራው ሙሉ አይደለም እንዴ?” በበሩ ጥግ ወዳሉት ሁለት እንስራዎች ጠቆሙ። አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ባዶ ነበር።

“ዛሬ ሆዴ ደስ አላለውም።”

“ታዲያ ኮሶ የሚጠጣው ሆድ ደስ ሲለው ነው?”

ጫኔ የራሱን ጨልጦ ፊቱን እንዳጨማደደ ሳቀ። “ተያት እማዬ፣ ትሏን ለምዳው ይሆናል።”

ይርገዱ አልሳቁም። ከማለዳ ጀምሮ የምራታቸውን ዓይን ሲከታተሉ ነበር። መጀመሪያ ሙቀጫውን አየች፤ ቀጥሎ ዋንጫውን፤ አሁን ደግሞ እጃቸውን።

“እጄን ለምን ታዪዋለሽ? መርዝ የበጠበጥኩልሽ መሰለሽ?”

“ኧረ በማርያም፣ እሜቴ! እንዲያ የሚል ቃል አልወጣኝም።”

“ከአፍሽ አልወጣም። ከዓይንሽ ወጣ።”

ይህን ብለው ዋንጫውን አነሡና ፊቷ ቆመው ግጥም አድርገው ጠጡት። መራራው ሲያንገፈግፋቸው ቆይተው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። “ይኸው! የዛፍ አበባ ነው። ከሞትኩ ቅበሪኝ፤ ካልሞትኩ ጠጪ።” እንደገና ሞልተው ዘረጉላት።

አንጓች ጨነቃት። እምቢ ብትል አማቷን መርዘኛ ማለቷ ነው። እውነቱን ብትናገር ዓይን ትፈራለች። ብትጠጣ ደግሞ… ዋንጫውን ተቀበለች። ሽታው አፍንጫዋን ሲመታት ግራ እጇ ሳታስበው ከነጠላው ሥር ገብታ ሆዷን ሸፈነች።

በዚህ መሃል በሩ ተገፋ። የመንደሩን ግማሽ ያዋለዱት እማማ ዘርትሁን ወንፊት ሊዋሱ መጥተው ነው፤ በር ተዘጋ ብለው የሚመለሱ ሰው አልነበሩም። አንዱ እጅ ዋንጫ ላይ፣ ሌላው ሆድ ላይ መሆኑን ሲያዩ ወንፊቱን ረሱት።

“ስንት ወርሽ ነው?” አሏት።

አንጓች አቀረቀረች። እንባዋ መለሰላት። ጫኔ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

እማማ ዘርትሁን ዋንጫውን ከእጇ ወስደው ከደጃፉ ውጭ ደፉት። “ኮሶ ትሉን ብቻ መርጦ አያወጣም። ነፍሰ ጡር አጠገቡም አትደርስ!”

“እኔ ምን አውቄ?” አሉ ይርገዱ። “ብትነግረኝ ኖሮ… ደግሞስ አበባ አይደለም እንዴ? ፊቷ ጠጥቼ አሳየኋት፤ ይኸው ምን ሆንኩ?”

“አምና ዓይን በልቷት አስወረዳት ብለሽ ስትጠሪኝ፣ ያኔም ኮሶ ጠጥታ ነበር?”

የይርገዱ ዓይን ሙቀጫው ላይ አረፈ። ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። አንጓች ያን ጊዜ ፊታቸውን ትክ ብላ አየች። ተንኮል ፈልጋ ነበር፤ ያገኘችው ድንጋጤ ነው። ልቧ ግን ለዚያም ቢሆን ወዲያው አልራራላቸውም።

“ክፋት አለብሽ አላልኩም፣ ይርገዱ” አሉ እማማ ዘርትሁን፣ በበሩ ጥግ የቆሙትን ሁለት እንስራዎች እያዩ። “ብቻ ይህን ያዥልኝ፦ ባዶ እንስራ ለሙሉ እንስራ ዋስ አይሆንም።”