የጋሽ ወንድይፍራው መነጽርና የታክሱ ደብዳቤ

ለአንድ አፍታ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ስጨርስ እመልስላችኋለሁ።

ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታቸው። ልጃቸው ትርንጎ ከስንት ስለት በኋላ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ የሰማንያ ቀን ክርስትናዋ የፊታችን እሑድ ነው። አያት የክርስትናውን ልብስ በገዛ እጃቸው ሊሰፉ ቃል ገብተዋል። ሕፃኗ ልብሱን ትጠብቃለች፤ ልብሱ መርፌውን ይጠብቃል፤ መርፌው መነጽሩን ይጠብቃል።

መነጽር ሻጯ ወይዘሮ እታለም ዘንድ ሄዱ።

"እታለም፣ ታክሱ ከጨመረ ወዲህ የመነጽሩን ዋጋ አልቻልኩትም ነበር። አሁን ግን መንግሥት ከመነጽር ላይ አነሳው ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ።"

"እኔም ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። ግን የታክስ ቢሮው ደብዳቤ እጄ ሳይገባ ታክሱን ከደረሰኝ ላይ ባወጣ የምጠየቀው እኔው ነኝ።"

ምን ታድርግ? ሕፃኗ ልብሱን ትጠብቃለች፤ ልብሱ መርፌውን፤ መርፌው መነጽሩን፤ መነጽሩ ዋጋውን፤ ዋጋው ደብዳቤውን ይጠብቃል።

ወደ ታክስ ቢሮ ሄዱ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ አሳየቻቸው።

"ይኸው አባባ፣ መነጽር ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ወጥቷል። ለበጀቱ የሚጎድለው ሽቶ ላይ ተጨምሯል። ማህተም ግን አላረፈበትም።"

"ተፈርሞ የለም እንዴ?"

"ክብ ማህተም የሌለውን ማን ደብዳቤ ይለዋል?"

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ፊርማው ምንም ቢያምር ማህተም ከሌለው ወረቀት ነው። ሕፃኗ ልብሱን ትጠብቃለች፤ ልብሱ መርፌውን፤ መርፌው መነጽሩን፤ መነጽሩ ዋጋውን፤ ዋጋው ደብዳቤውን፤ ደብዳቤው ማህተሙን ይጠብቃል።

ማህተም ያዡ አቶ መንበሩ ፎቅ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

"ማህተሙ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉን ካፖርቴ ኪስ ነበር የምይዘው፤ ጠፋኝ።"

"ካፖርቱስ የት አለ?"

"ኪሱ ተቀዶ ባለቤቴ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ላለ ልብስ ሰፊ ሰጠችው። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ አልሰፋውም። ሰውየው ምን ነካው?"

ጋሽ ወንድይፍራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰውየው መነጽር የለውም" አሉ።

ሕፃኗ ልብሱን ትጠብቃለች፤ ልብሱ መርፌውን፤ መርፌው መነጽሩን፤ መነጽሩ ዋጋውን፤ ዋጋው ደብዳቤውን፤ ደብዳቤው ማህተሙን፤ ማህተሙ ሳጥኑን፤ ሳጥኑ ቁልፉን፤ ቁልፉ ካፖርቱን፤ ካፖርቱ ደግሞ ጋሽ ወንድይፍራውን ይጠብቃል።

ሱቃቸው ተመልሰው ካፖርቱን ከምስማሩ አወረዱ። ለመዳሰስ መቼም መነጽር አያስፈልግም። እጃቸውን በተቀደደው ኪስ ሰደዱ፤ ከገበሩ ግርጌ ቀዝቃዛ ብረት ጣታቸውን ነካው።

ከዚያማ ቁልፉ ሳጥኑን ከፈተ፤ ሳጥኑ ማህተሙን ሰጠ፤ ማህተሙ ደብዳቤው ላይ አረፈ፤ ደብዳቤው ታክሱን አነሳ፤ ዋጋው ወረደ፤ መነጽሩ አፍንጫ ላይ ተቀመጠ፤ ክሩ መርፌ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የተሰፋው የአቶ መንበሩ ኪስ ነው፤ ቁልፉ ዳግም እንዳይጠፋ። ልብሱ ቅዳሜ ማታ አለቀ።

እሑድ ሕፃኗ ነጭ ለብሳ ተጠመቀች። ጋሽ ወንድይፍራው እታለምን አመሰገኑ፤ ወጣቷን አመሰገኑ፤ አቶ መንበሩን አመሰገኑ። ታክስ ከፋዩንም አልረሱም፤ ትርንጎ በሰላም የተገላገለችበት ጤና ጣቢያ የተሠራው በእርሱ ገንዘብ ነው። ከዚያ ሕፃኗን ታቅፈው በመነጽሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አጥርተው አዩት። አገጯ የሟች ባለቤታቸው አገጭ ነበር።

"ተመስገን" አሉ፤ አገጯን በጣታቸው ነካ አድርገው ደገሙት።

ጆሯችሁን ይኸው መልሻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።