ደንገጎን በጀርባዋ የወጣችው ፔጆ

በአንድ ወቅት፣ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ አቶ ይነሱ የሚባሉ ሽማግሌ አንዲት ነጭ ፔጆ 404 ነበረቻቸው። በወጣትነታቸው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አስካለ ጋር ሆነው በእሷ ራሊ በሚባለው የመኪና ውድድር ተወዳድረዋል። እሳቸው ይነዳሉ፤ ወይዘሮ አስካለ ጎናቸው ተቀምጠው የሚመጣውን ኩርባ ከደብተር እያነበቡ ይነግሯቸዋል። አንድ ጊዜ ሦስተኛ ወጥተዋል። አቶ ይነሱ ይህችን ሦስተኛነት ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስላወሯት፣ በሰፈሩ አንደኛ የወጣውን ሰው የሚያስታውስ አልነበረም።

ወይዘሮ አስካለ ካረፉ በኋላ የአቶ ይነሱ ዓይን ደከመና መንዳት ተዉ። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ሦስቱም ፔጆዋን ይፈልጓታል። ትልቁ ልሳነወርቅ የሐረር መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የዚያችን መኪና መሪ ያህል የሚወደው ነገር የለም። ዘርፌ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ የደንገጎ መንገድ ኩርባ ሁሉ የተጻፈበት የእናቷ ደብተር እሷ ዘንድ ነው፣ ገጹንም ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። የመጨረሻው ጌጡ መካኒክ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እሑድ እሑዱን ከፔጆዋ ሥር ተጋድሞ ስላሳለፈ፣ ሚስቱ የማውቀው እግሩን ነው ትላለች።

አንድ ዓመት የአሮጌ መኪና ወዳጆች ከድሬዳዋ በሐረር መንገድ እስከ ደንገጎ ተራራ አናት የሚወጣ የመታሰቢያ ውድድር አዘጋጁ። አቶ ይነሱ ልጆቻቸውን ጠርተው፣ “ሦስት ቦታ አልቆርጣትም። ደንገጎ አናት ላይ ያደረሰልኝ ይውሰዳት” አሉ።

እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ለመሞከር አስበው ነበር። ነገር ግን ሹፌሩ ብልሽት ፈራ፤ መምህርቷ መንጃ ፈቃድ የላትም፤ መካኒኩ ሲነዳ ያየ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አጠገቡ አይቀመጥም። ስለዚህ አብረው ገቡ።

እስከ ግማሽ መንገድ ደህና ወጡ። ከዚያ አንዲት ቀይ ፊያት አልፋቸው ሄደች። የሐረር መስመር ሹፌር ደግሞ መቀደም አይችልበትም። ዘርፌ ኩርባው እስኪያልፍ ታገሥ ብትለውም ልሳነወርቅ ማርሹን በጉልበት ቀየረ፤ ካምቢዮው ውስጥ አንድ ነገር እንደ ቆሎ ተንኮሻኮሸና መኪናዋ ቆመች። ጌጡ ሥሯ ገብቶ ቆይቶ ወጣ። የፊት ማርሾቹ ሁሉ እንዳበቃላቸው ተናገረ። ጥርሳቸው ማለቁን አስቀድሞ ያውቅ እንደነበርም ያን ጊዜ አመነ፤ ብናገር ኖሮ አባባ ውድድሩን ይከለክሉን ነበር አለ። ዘርፌ ይህን ስትሰማ ደብተሩን ዘግታ ወረደች። አባባ አናት ላይ እየጠበቁን ነው፤ በእግራችን ወጥተን ይቅርታ እንጠይቃቸው አለች።

ልሳነወርቅ ግን ከመሪው አልተነሣም። “የኋላውስ ማርሽ?” አለ።

“እሱ ደህና ነው” አለ ጌጡ። “ማስገቢያው ዘንግ ግን ተሰብሯል፤ አይዝም።”

“ታዲያ አስይዘዋ።”

ጌጡ ዙሪያውን ቢያይ ገመድ አጣ። ቀበቶውን ፈቶ ከሥር ዘንጉን ጠፍሮ አሰረው። መንገደኞች ረድተዋቸው መኪናዋን አዞሯት፤ ፊቷ ወደ ድሬዳዋ፣ ጀርባዋ ወደ ደንገጎ ሆነ።

ልሳነወርቅ ስምንት ኪሎ ሜትር ዳገት ወደ ኋላ ነዳ። የኋላ ወንበሩ ላይ ትርፍ ጎማና የውሃ ጀሪካን ስለተከመረ በመስታወቱ ምንም አይታይም። አንገቱን በመስኮት ቢያወጣ ገደሉን ብቻ አየ፤ መልሶ አስገባው። ከዚያ በኋላ በጆሮው ብቻ ነዳ።

ዘርፌም ተመልሳ ገብታ ደብተሩን ከፈተች፤ ወንበሩ ላይ ተንበርክካ በመስኮቷ ወደ ኋላ ተመለከተች። መኪናዋ ስለዞረች እናቷ “ቀኝ” ብላ የጻፈችውን “ግራ”፣ “ግራ” ያለችውን “ቀኝ” እያለች መጥራት ነበረባት። አንድ የጭነት መኪና በጥቁር ጭስ ሸፍኗቸው ሲያልፍ ኩርባውም ደብተሩም ጠፋባት፤ በቃሏ ገለበጠችው። ሃያ ሦስት ኩርባ አልፈው አንድም አልሳተችም።

ጌጡ ኮፈኑን አንሥቶ ከፊት ጎማው በላይ ባለው ክዳን፣ ፓራፋንጎው ላይ ተቀመጠ። ወደ ኋላ ሲሄዱ ራዲያተሩን ነፋስ አያገኘውም፤ ስለዚህ ሞተሩ እንዳይነድ ያለማቋረጥ ውሃ ያጠጣዋል። በአንድ እጁ ጀሪካን፣ በሌላው ሱሪውን ይዟል። ደንገጎ አናት ላይ፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ በተሰለፈበት፣ ራዲያተሩ መፍላት ሲጀምር የመጨረሻው ጀሪካን ሁለት እጅ ጠየቀ። ጌጡ ሱሪውን ለቀቀ።

አቶ ይነሱ መድረሻው ላይ ቆመው በደከመ ዓይናቸው አሻግረው እያዩ፣ “ፔጆዋ እየመጣች ነው ወይስ እየሄደች?” ብለው ጠየቁ። ዳኞቹም ደንቡን ገለጡ። መኪና በየትኛው በኩል መግባት እንዳለበት የሚል አንቀጽ ስላጡ ሳይሰርዟት መጨረሻ ወጣች ብለው መዘገቧት። ሰው ግን ያጨበጨበው ለእሷ ነበር።

ክርክሩ እዚያው ተነሣ። ልሳነወርቅ፣ እኔ አልወርድም ባልል መኪናዋ እዚያው ትቀር ነበር አለ፤ ማን ሰበራት ብለው መለሱለት። ዘርፌ፣ እኔ ባልኖር ሦስታችንም ገደል ውስጥ ነበርን አለች፤ ደብተሩን ማን ዘጋ አሏት። ጌጡ ሱሪውን በሲባጎ አስሮ መጣና፣ ያወጣት የእኔ ቀበቶ ነው አለ፤ ብልሽቱን ማን ደበቀ አሉት።

ሕዝቡም ተከፈለ። ሹፌሮቹ ከልሳነወርቅ፣ መምህራኑ ከዘርፌ፣ የጋራዥ ሰዎች ከጌጡ ቆሙ። አንዲት ሙዝ ሻጭ ደግሞ፣ ሦስቱም አበላሽተዋታል፤ ይልቅ ለማይነዳት ሰው ስጧት አለች።

አቶ ይነሱ የመኪናዋን ሊብሬ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ለረጅም ጊዜ ያዙት። “ለአንዱ ብሰጥ ሁለቱ በዓል ሲሆን አይመጡልኝም” አሉ። “ለማንም ባልሰጥ ሦስቱም ይመጣሉ፤ ግን ቃሌን በላሁ ማለት ነው።”

ሊብሬው እስካሁን እጃቸው ላይ ነው። ሰሚ ሆይ፣ ፍርዱን ላንተ ትቼዋለሁ፦ ሰብሮ ያልተወው፣ ተስፋ ቆርጣ መንገዱን የመራችው፣ ደብቆ ያዳናት፤ ፔጆዋ የምትገባው ለማን ነው?