ሰባት ቤት የሚያስቆጥሩት የባሕር ትሎች

ተረቴ ከባሕር ግርጌ ይምጣ፤ እናንተም «ይምጣ» በሉኝ።

ጸጉራም የባሕር ትሎች አንድ ቋጥኝ ላይ ይኖሩ ነበር። አንዲት ትል እንቁላሏ ደርሶባት በቋጥኙ ስንጥቅ ልትጥል ስትጠጋ፣ ሽማግሌው አባ ጎፈሬ መንገድ ዘጉባት።

«ሰባት ቤት ቁጠሪ! ከሌላ ባሕር የመጣ ካለበት ስንጥቁ አይገባሽም።»

እንቁላሏ እየገፋት ቆጠረች። አምስቱ አያቶቿ እዚያው የተወለዱ ናቸው። ስድስተኛዋ ግን በመርከብ ሆድ ላይ ተጣብቃ የመጣች ነበረች፤ ውሸት አታውቅምና ይህንኑ ተናገረች።

«መጤ!» ብሎ ዙሪያውን የተሰበሰበው የትሎች ጉባኤ ጮኸ።

«እሺ አባ፣ እስቲ እርስዎም ይቁጠሩልን» አለች።

አባ ጎፈሬ ጎፈሬያቸውን ነስንሰው ጀመሩ። ስድስት ብለው ድንገት ቆሙ። ሰባተኛው አያታቸው በጨው ነጋዴ መርከብ ተጣብቀው እንደ መጡ ትዝ አላቸው።

«ለነገሩ... ስድስት ይበቃል» አሉ።

ጉባኤው የራሱን ሰባት ቤት በሆዱ ሲቆጥር ቆይቶ ኖሮ፣ «ይበቃል! ስድስት ይበቃል!» ብሎ በእልልታ ተቀበለ።

«አምስትስ?» አለች ትሏ።

«አምስትማ የለየለት መጤ ነው!»

መሄጃ ስታጣ፣ በላይዋ በሚያልፍ መርከብ ሆድ ላይ ተለጥፋ እንቁላሏን እዚያው ጣለች።

ተረቴን መልሱ፤ እኔን ግን ከደጃችሁ አትመልሱኝ።