የባሻ ይርዳው ካውያ መርከብ ሲሳፈር

ይህን ጨዋታ ያገኘሁት ከሰው አፍ ነው፤ የነገሩኝም ሰዎች ከሌላ ሰው አፍ ነው ያገኙት። ሥጋው የእነሱ፣ ጨውና በርበሬው የኔ ነው። የበዛበት ሰው ውሃ ይጠጣበት።

ባሻ ይርዳው የደጃዝማች አምዴ ልብስ ሰፊ ነበር። ባሻነቱን ማን እንደሰጠው አይታወቅም፤ ሰው እየደጋገመ ሲጠራው ጸደቀለት። ከዕቃ ሁሉ የሚወደው አንድ የከሰል ካውያ ነበረው። ሆዱ ፍም የሚጎርስ፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ የነሐስ አውራ ዶሮ የቆመበት፣ ሲያነሡት ክንድ የሚገነጥል ብረት ነው። ሚስቱ ዘነቡ ታማ ሦስት ወር አልጋ ላይ ስትውል፣ ባሻ አንጀቱ አላስችል ብሎት “እሷን አንሣልኝ እንጂ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄጄ እሳለማለሁ” ብሎ ተሳለ። ዘነቡ ተነሣች። ስለት ደግሞ ካልደረሰ እንቅልፍ ይነሣል፤ ባሻ ግን እንኳን መርከብ የሚሳፈርበት፣ በቅሎ የሚከራይበትም አልነበረው።

በዚያ ዓመት ደጃዝማች ፋሲካን ኢየሩሳሌም ሊውሉ ተነሡ። ባሻ እግራቸው ላይ ወድቆ “ይውሰዱኝ” አለ።

“እወስድሃለሁ” አሉት፤ “ፈረንጅ ፊት ተጨማድጄ መታየት አልፈልግም። ካውያህን ይዘህ ና። ካውያው የቀረ እንደሆነ ግን አንተም ቀረህ።”

ስለቱ እንግዲህ በአንድ ካውያ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ጅቡቲ ወደብ ሲደርሱ ነገር ተበላሸ። ከመርከቡ መሰላል ሥር አንድ ቀጭን የመርከቡ ፈታሽ ቆሟል። አጠገቡ አስተርጓሚው አቶ ሰንበቱ ሆነው የኩባንያውን ሕግ በአማርኛ ይጮኹታል። “ምድጃ ክልክል ነው! ፋኖስ ክልክል ነው! ካውያ ክልክል ነው! እሳት የሚገባበት የቤት ዕቃ ሁሉ መርከብ ላይ አይወጣም!” ያ ሁሉ ተሳላሚ ከሸዋ ድረስ የተሸከመውን ዕቃ እያወረደ ይከምራል። አንዲት መነኩሲት የሸክላ ምድጃቸውን አንድ ጊዜ ሳም አድርገው መሬት አስቀመጡት።

የባሻ ተራ ደረሰ። ፈታሹ የካውያውን ክዳን ከፈት አድርጎ አመዱን እንዳየ፣ “ይህ እሳት ይገባበታል፤ ይቅር” አለ። ደጃዝማች ከፊት ሆነው ዘወር ብለው አዩና መሰላሉን ወጡ። ባሻ ካውያውን ይዞ መሰላሉ ሥር ቀረ። ወዲያው ግን ቀና ሲል የመርከቡ ጭስ ማውጫ ጥቁር ጭሱን ሲተፋ አየ።

“አቶ ሰንበቱ፣ እስቲ ይጠይቁልኝ፤ ያ ላይ የሚጨሰው እንዴት ሆኖ ገባ?”

ፈታሹ ሳቀ። “ያማ መርከቡን የሚያስኬደው ነው!”

«ይህም እኔን የሚያስኬደኝ ነው፤ እሳት ከተከለከለማ መርከቡም እኔም እዚሁ መቅረታችን ነው!»

ፈታሹ ጢሙን አሻሸና ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ባሻ የያዘውን ከሰል ከነከረጢቱ ባሕር ውስጥ ወረወረው፤ ብረቱን ግን “ባዶውን ይግባ” አለ። ባሻም ባዶ ካውያውን ታቅፎ ወጣ።

ባዶ ካውያ ደግሞ ምን ሊረባ? በማግስቱ የመርከቡ ካፒቴን ደጃዝማችን ለዘጠኝ ሰዓት ጠራቸው። ካባቸው ከሻንጣ ሲወጣ እንደ ደረቀ ጎመን ተኮማትሯል። ደጃዝማች ባሻን አስጠሩት።

“ተኩስ!”

“እሳት የለም ጌታዬ።”

“ታዲያ አንተን ምን ልሠራብህ አመጣሁ? እንዲህ ሆኜ ልቀርብ ነው?”

ደጃዝማች አምዴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በበቅሎ ሲሄዱ ሁለተኛ በቅሎ የሚከተላቸው ሰው ነበሩ፤ የመጀመሪያዋ እስክታርፍ። ባሻ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸውና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እሳት ሲታጣ የሚተኩሰው ክብደት ነው፤ ካባውን አጥፌ ወንበርዎ ላይ ላንጥፈውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቀመጡበት፣ ከእርስዎ የሚበልጥ ካውያ በዚህ መርከብ ላይ የለም።»

አሽከሮቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ደጃዝማች ቀድመው ሳቁ፤ ሆዳቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁና ተቀመጡበት። ካባውም ቀጥ ብሎ ወጣ ይባላል። ሲመለሱ ግን “የነገውስ? በሱሪው ላይ፣ በእጀ ጠባቡ ላይ፣ በሁሉ ላይ ስቀመጥ ልክረም? እሳት ፈልግ። ካላገኘህ ፖርት ሱዳን ላይ ወርደህ ወደ ሚስትህ” አሉት። ለፖርት ሱዳን የሁለት ቀን መንገድ ብቻ ቀርቷል።

በዚያ መርከብ ላይ ነጋድራስ ጓንጉል የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ንፍገታቸው የታወቀ ነው፤ ሰው ሲመጣባቸው ጉርሻቸውን ሳያላምጡ የሚውጡ ናቸው። እሳቸው ወደብ ላይ ሲፈተሹ “ሆዴን አሞኝ አብጧል፣ አትንኩኝ” ብለው በጋቢ ተጀቡነው አለፉ። ባሻ ግን ከኋላቸው ተሰልፎ ነበርና ላምባ ላምባ የሚሸት የሆድ ሕመም ዕድሜ ልኩን አላጋጠመውም። ሄዶ ለመናቸው።

“ነጋድራስ፣ በዚያች በላምባ ምድጃዎ ካውያዬን ለአንድ አፍታ ላሙቅ። የስለት ጉዳይ ነው።”

“የምን ምድጃ? እኔ ምድጃ የለኝም! ሂድ ከዚህ!”

ባሻ አዘነ፤ አዝኖም እዚያው አጠገባቸው ቁጭ አለ። ጀምበር ጠለቀች። ነጋድራስ ከትልልቁ የገመድ ጥቅል ኋላ ምድጃዋን አቀጣጥለው ሽሮ ጣዱ። ሽሮ ደግሞ መቼ ተደብቆ ይበስላል? ፈታሹ አፍንጫውን ተከትሎ ከች አለ። “የማን ነው?” ሲል ነጋድራስ ያለ ሐፍረት ጣታቸውን ወደ ባሻ ቀሰሩ።

“የኔ አይደለም! የዚህ የልብስ ሰፊው ነው!”

ባሻ አልተቆጣም። ሸማውን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ድስቲቱ ጠጋ አለ።

«ደግ፣ የኔ ይሁን፤ ምድጃው የኔ ከሆነ የተጣደበትም የኔ ነውና ምእመናን፣ ዳቦ ዳቦአችሁን ይዛችሁ ቅረቡ!»

ምእመናንም አላሳፈሩትም። የመጀመሪያው ቁራሽ ሽሮው ውስጥ ሲጠልቅ ነጋድራስ ነፍሳቸው የወጣች መስሏቸው “ሽሮውስ የኔ ነው!” ብለው ጮኹ። ፈታሹ “ከእንግዲህ እሳት ይዞ የተገኘ ይወርዳል!” ብሎ ምድጃዋን አንሥቶ ባሕር ጨመራት። ሽሮው ግን ተበላ።

ባሻ እሳቱን በማግስቱ ጠዋት ከማይጠበቅ ቦታ አገኘው። ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ከሰል በአካፋ የሚያጎርሱ የየመን ሰዎች ነበሩ፤ ሱሪያቸው በፍንጣሪ ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል። ባሻ ወረደና አንድ ባንድ ጣፈላቸው። እነሱም አንድ አካፋ ፍም ካውያው ሆድ ውስጥ ጨመሩለት። ያን ዕለት የደጃዝማችን ልብስ ሁሉ እንደ ብራና አወጣው። ደስታው ወሰን አጣ፤ “ደረስን እኮ ዘነቡ!” ይል ነበር ብቻውን፣ እሷ አዲስ አበባ ሆና።

ነጋድራስ ይህን አዩ። ባልበላውም ጭሬ ልበትነው አለች ዶሮ፤ ሄደው ለፈታሹ ተናገሩ። ፈታሹ መጥቶ ክዳኑን ሲከፍት ፍሙ ቀይ ሆኖ አፈጠጠበት። “ነገ ፖርት ሱዳን ከመድረሳችን በፊት ካፒቴኑ ይፈርዳል፣ እሳት ይዞ የተገኘ እዚያው ይወርዳል” ተባለ። ባሻ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። እስከዚያ ድረስ ያን ያህል ፈርቶ አያውቅም።

“ከሳሹ ማነው?” አለ ቀስ ብሎ።

“እኔ ነኝ! ምን ይጠበስ?” አሉ ነጋድራስ ደረታቸውን ነፍተው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳቱት። ባሻ ወደ ደጃዝማች ዞረ።

“ጌታዬ፣ ባሕር ላይ ብንሆንም ያገራችን ሥርዓት ይጠበቅልኝ። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ይቆራኛሉ።”

“እውነቱን ነው፤ አቆራኟቸው!” አሉ ደጃዝማች። የነጋድራስ ጋቢ ጫፍና የባሻ ሸማ ጫፍ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ።

ነጋድራስ ሲነሡ ባሻ ይነሣል፤ ሲቀመጡ ይቀመጣል። የዕለቱ ጾም ሲያበቃ በዘጠኝ ሰዓት ሰው ሁሉ ስንቁን ፈታ። ነጋድራስ ስንቃቸውን ቢያወጡ ባሻ አጠገባቸው ነው፤ አብሮ ታስሮ የዋለን ሰው ደግሞ ሳይጋብዙ መብላት በደጃዝማች ፊት ነውር ነው። ስለዚህ ረሃባቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሆዳቸው ሲጮህ ከወዲያኛው ጫፍ ይሰማ ነበር ይላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድምፃቸው ለስልሶ “ባሻ፣ ክሴን ትቻለሁ፤ በል ፍታና እንለያይ” አሉት።

«ምን ያስቸኩለናል ነጋድራስ፣ እኔ እኮ በሶዎን ገና አልቀመስኩም!»

ቀመሰ። ነጋድራስ እያለቀሱ በጠበጡለት፣ እያለቀሱ ጠጡ፤ ቋጠሮውም ተፈታ። ፈታሹ ግን “ከሳሹ ቢተው እኔ ፍሙን በዓይኔ አይቻለሁ” ብሎ አልተመለሰም።

ጠዋት የፖርት ሱዳን ቤቶች ነጭ ነጭ ሆነው ሲታዩ ባሻ ከነካውያው ቀረበ። ካፒቴኑ ፂሙ የሸበተ ግሪክ ነው፤ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ፒፓውን እያጨሰ ጠበቀው። ደጃዝማች በጎን ተቀምጠዋል፣ ተሳላሚው ዙሪያውን ቆሟል፣ አቶ ሰንበቱ መሐል ሆነው ይተረጉማሉ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላልና ባሻ ሸማውን እንደ ተሟጋች አጣፍቶ ቆመ።

“እሳት መርከቤ ላይ አምጥተሃል?” አለ ካፒቴኑ።

«እኔ ያመጣሁት ባዶ ብረት ነው፤ እሳቱ እዚሁ ከርስዎ ቤት የተወለደ ነውና የገዛ ልጅዎን አይካዱ!»

ካፒቴኑ ሳቀ፤ ሳቁን ግን ቶሎ ሰበሰበው። “የትም ይወለድ። ይህ መርከብ አንድ ጊዜ ከተቃጠለ ሦስት መቶ ነፍስ ይጠፋል። የኩባንያው ሕግ አጭር ነው፤ ከታች ከእሳት ቤቱ ውጪ እሳት ይዞ የተገኘ ሁሉ ከዚህ ይወርዳል።”

ያን ጊዜ ባሻ ቀልዱን ተወ። ስለ ዘነቡ ነገረው፤ ሦስት ወር እንዴት እንደተኛች፣ ቄሱ ስንት ቀን እንደመጡ፣ አንድ ጠዋት ተነሥታ “ራበኝ” ስትል እሱ በር ላይ ቁጭ ብሎ እንዴት እንዳለቀሰ። ጎልጎታን ሳይስም ቢመለስ ዓይኗን ማየት እንደማይችልም ነገረው። መነኩሲቷ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ነጋድራስ እንኳ ወደ ባሕሩ ዞሩ።

ካፒቴኑ ፒፓውን ከጥርሱ ሳያወጣ ራሱን ነቀነቀ። “አዝናለሁ። ሕጉ ግን ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው። እኔ ራሴ የምታዘዝበት ሕግ ነው።” ጭሱን ቡልቅ አደረገ። “መሰላሉን አውርዱ።”

መርከቡ ወደቡ ላይ ቆሞ መሰላሉ ወረደ። ባሻ ፒፓውን ትክ ብሎ አየ፤ ከፒፓው አፍ ላይ ቀይ ሆና ብልጭ የምትለዋን ነገርም አየ። ከዚያ ካውያውን በግራ እጁ አነሣ፣ ከመሰላሉ አፍ አንድ እርምጃ ገለል አለ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ ቀኝ እጁን ወደ መውረጃው ዘረጋ።

“አቶ ሰንበቱ፣ ቃል ሳይጎድል ይተርጉሙልኝ” አለ።

«በኛ አገር ትልቅ ሰው እያለ ትንሽ አይቀድምምና፣ ጌታዬ ከነፒፓዎ ቀድመው ይውረዱ፤ እኔ ከነካውያዬ እከተልዎታለሁ።»